በዩትላንድ ዳርቻ ምሽግ ውስጥ እንዴት እንደምገባ

አዲስ አበባ ሳለሁ ፌሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ዴንማርክ፣ ዩትላንድ በሚባለው ክፍል ኦልቦርግ ከመጣሁ በኋላ ሥራዬ ተቀየረ፤ ዓይኔ ግን አልተቀየረም። ሎከን ባሕር ዳርቻ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እኔ አሸዋው ላይ የተጋደሙትን ግዙፍ የአርማታ ቤቶች ስዞር ዋልኩ። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባሕር የሚመጣ ጥቃት ለመመከት ከኖርዌይ እስከ ስፔን ድንበር የዘረጉት፣ የአትላንቲክ ግንብ የሚባለው የምሽግ መስመር አካል ናቸው።

ጓደኞቼ "እኛንም ውሰደን" ማለት ስላበዙ እንዴት እንደምሄድ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሎከን አትሂዱ። ሂርትስሃልስ ሂዱ። ከዮሪንግ ባቡር አለ። እዚያ ከ50 በላይ ምሽጎች በቦይ ተያይዘው፣ አሸዋቸው ተጠርጎ ለጎብኚ ተከፍተዋል። ወለላቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ ዓይናችሁን የምታለማምዱት እዚያ ነው።

በሩ ላይ ቁሙና እዩ። መግቢያው ቀጥታ ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ የገባውን ሰው ጠባቂው የሚተኩስበት ነው። ብዙውን ጊዜ ግድግዳውም ጣሪያውም 2 ሜትር ውፍረት አለው። እጃችሁን አርማታው ላይ አድርጉ። አርማታው የተሞላበት ጣውላ ጭረት፣ የእንጨቱ ጉጥ ሳይቀር ታትሞ ቀርቷል። ያን ጣውላ የመቱት በአብዛኛው በደመወዝ የተቀጠሩ ዴንማርካውያን ነበሩ። እኔ ሁልጊዜ እዚህ ጋ እቆያለሁ። ሠራተኛ ሠራተኛን ያውቃልና።

ውስጥ ስትገቡ ባትሪውን ወደ ጣሪያ አብሩ። የብረት ተሸካሚዎች ተደርድረው በመካከላቸው ቆርቆሮ ገብቷል። ቦምብ ከላይ ሲመታ የአርማታ ፍርካሽ ሰው ላይ እንዳይወርድ ነው። ዛሬ ግን ያ ቆርቆሮ ራሱ ዝጎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አትቁሙ። ከግድግዳው የወጡት ቀለበቶች ደግሞ የአልጋ ሰንሰለት ማሰሪያ ናቸው።

አሁን ሎከን። ውሃው ዳር ስታዩዋቸው እዚያው የተሠሩ ይመስላሉ። አይደሉም። ላይ፣ የአሸዋው ኮረብታ ላይ ነበሩ። ባሕሩ ከሥራቸው አሸዋውን እየበላ አወረዳቸው። ስለዚህ ወለሉም በሩም ያዘነበለ ነው። ጨለማ ውስጥ ሲሆን ጭንቅላት ያዞራል። ቀስ በሉ፤ ብቻችሁን አትግቡ። አንድ ሰው ውጭ ይቅር።

ነፋሱን ሳታዩ ከቤት አትውጡ። በዚህ ዳርቻ ውሃውን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ነፋስ ነው። ከምዕራብ ጠንከር ብሎ ሲነፍስ ማዕበሉ ምሽጎቹ ድረስ ይመጣል፤ ያን ቀን እኔ አልሄድም።

ከሁሉ በላይ ፌሮውን ፍሩ። ባለፈው ዓመት አሸዋው ውስጥ የተደበቀ፣ የተቆረጠ ፌሮ ባቴን ሰንጥቆኝ አምስት ስፌት ተሰፋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፌሮ የያዝኩ ሰው ነኝ። ባሕሩ ግን በየሳምንቱ አሸዋውን ይገለብጠዋል፤ ትናንት የተሸፈነው ዛሬ ይወጣል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ የቴታነስ ክትባታችሁም ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። ልጆች ካሉ ጣሪያው ላይ ወጥተው ወደ ውሃው እንዳይዘሉ፤ ከሥር ያለው አይታይም።

የዛገ ብረት ቅርጹ ካጠራጠራችሁ አትንኩት፤ ራቁና 112 ደውሉ። ከጦርነቱ በኋላ ከዚህ ዳርቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈንጂ ተለቅሟል። የለቀሙት የጀርመን ወታደሮች ነበሩ፤ ገና ልጆች የሆኑም ነበሩባቸው። ወደ ደቡብ ያለው ስካሊንገን ከፈንጂ ጸዳ የተባለው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

በዴንማርክ ክረምት፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ደግሞ የሌሊት ወፎች ምሽጎቹ ውስጥ ይተኛሉ። ከነቁ ለክረምቱ ያጠራቀሙትን ስብ ይጨርሱታል። ጣሪያው ላይ ካያችኋቸው መብራቱን አጥፉና ውጡ።

ነገሩ ከያዛችሁ ሃንስትሆልም ሂዱ። አራት ባለ 38 ሳንቲ ሜትር መድፎች የነበሩበት ቦታ ነው፤ አንዱ ምሽግ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ባሕሩን ከማዶ፣ ከኖርዌይ ክርስቲያንሳንድ፣ አብረው የሚዘጉ አቻዎች ነበሯቸው። እዚያ አንዱ መድፍ እስካሁን ቆሟል። ከሂርትስሃልስ መርከብ አለ፤ በሚቀጥለው በጋ ልሻገር ነው።