ለአዲስ አስተዋጽኦ አድራጊ የሚሆን መመሪያ አዘገጃጀት

የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክትዎን የአስተዋጽኦ መመሪያ ለማሻሻል ሲነሡ፣ አንድም መስመር ከመጻፍዎ በፊት ፕሮጀክቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ይፈልጉና መመሪያውን ብቻ ይዞ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጠው ይመልከቱ። የሚቀጥለውን እርምጃ አይንገሩት፤ የቆመበትን ቦታ፣ የጠየቀውን ጥያቄና ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስሕተት መልእክት ግን አንድ በአንድ ይመዝግቡ።

ይህን የተማርኩት አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ውስጥ፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይረውን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አነስተኛ ፕሮጀክታችንን ለአንዲት ተማሪ ባሳየሁበት ቀን ነው። መመሪያችን ኮዱን ካወረዱ በኋላ «ቴስቶቹን ያስኪዱ» ይላል፤ ቴስት ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም ነው። ትእዛዙን ስትሰጥ ግን ቴስቱ ወደቀ፤ እሷም እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ «የሆነ ነገር አበላሸሁ መሰለኝ» አለችኝ። ያበላሸችው ነገር አልነበረም። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያሉት የወራት ስሞች የተጻፉበት ፋይል በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደላት ለኮምፒውተር ወደ ቁጥር በሚቀየሩበት ስልት) የተቀመጠ ሲሆን፣ ላፕቶፗ ዊንዶውስ ስለነበር ፓይተን ፋይሉን በሲስተሙ ነባሪ ኢንኮዲንግ ለማንበብ ሞክሮ ነው የተሳነው። ሁላችንም በሊኑክስ ስለምንሠራ ችግሩ ለወራት አልታየንም።

እንዲህ ያለ እንቅፋት ሲገኝ መመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይቀናናል። በእኔ እምነት አስቀድሞ ኮዱን ማየት ይገባል፤ ፋይሉ በሚከፈትበት መስመር ላይ ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጻፍ ብቻ ችግሩን ከሥሩ ያጠፋዋል፣ መመሪያውም አይረዝምም። መጻፍ ያለበት በኮድ ሊወገድ የማይችለው ነገር ነው።

የሚጽፉትን እያንዳንዱን ትእዛዝ ተከትሎ አንባቢው ምን ማየት እንዳለበት ይግለጹ። «ፓይተን ይጫኑ» ከማለት ይልቅ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ቨርዥን ይጥቀሱ፤ ቴስቱ ሲያልፍ የሚታየውን የመጨረሻ መስመርም እንዳለ ይቅዱት። ብዙዎቻችን በሞባይል ዳታ ስለምንሠራ፣ በጠቅላላው ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድ መናገርና ሙሉውን የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክ ሳያወርዱ የቅርቡን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ መውሰድ እንደሚቻል ማሳየት ትልቅ ውለታ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልጉትን ደረጃዎች መጀመሪያ ላይ ካሰባሰቧቸው፣ ኔትዎርክ ቢቋረጥ እንኳ ሰውየው ቀሪውን ሥራ መቀጠል ይችላል።

የመመሪያውን ፋይል በእንግሊዝኛ ፊደል «CONTRIBUTING.md» ብለው ሰይመው በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ያስቀምጡት፤ ኮድ የሚጋሩበት ድረ ገጽ ጊትሃብ፣ ኢሹ (የችግር ወይም የሐሳብ ማስታወቂያ) ወይም ፑል ሪኩዌስት (ለውጥዎ እንዲካተት የሚቀርብ ጥያቄ) ለሚከፍት ሰው ሊንኩን ያሳየዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፑል ሪኩዌስት ከተላከ በኋላ ያለው ነው። ሥራውን የላከ ሰው ማን እንደሚያየው፣ በግምት በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝና መልስ ቢዘገይ ማስታወስ ነውር እንዳልሆነ ካልተነገረው፣ ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ይቀራል። በተለይ በእኛ ዘንድ ታላቅን መጎትጎት እንደ ድፍረት ስለሚታይ ይህን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ኮዱና የኮሚት መልእክቱ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም ጥያቄ በአማርኛ ማቅረብ የሚቻል ከሆነ፣ ይህንንም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይጻፉት።

የመዘገቧቸውን እንቅፋቶች ሁሉ ራስዎ አያርሙ፤ አንዱን ላጋጠመው ሰው ይተዉለት። የኢንኮዲንጉን መስመር ያስተካከለችው ያቺው ተማሪ ናት፤ የመጀመሪያዋ ፑል ሪኩዌስትም እሱ ሆነ።