«ጥልቅ ወንዞች»ን በእርሳስ ማንበብ

ማንነትን በስፓኒሽ ልብ ወለድ መመርመር ለሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የማውሰው የፔሩውን ሆሴ ማሪያ አርጌዳስን ነው። የጠበቃ ልጅ ቢሆንም በእንጀራ እናቱ ቤት ከአገልጋዮች ጋር የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የሆነውን ኬችዋ እየተናገረ አደገ፤ «ጥልቅ ወንዞች» የተባለውን ልብ ወለዱን ግን በ1958 እ.ኤ.አ. በስፓኒሽ አሳተመ።

መቅድም ካለው ለጊዜው እለፉት። እርሳስ ያዙና የኬችዋ ቃል ባገኛችሁ ቁጥር አስምሩበት። ፍቺውን ለመፈለግ አትቸኩሉ፤ ማን ለማን እንደተናገረው በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የልብ ወለዱ ተራኪ ልጁ ኤርኔስቶ የጥንቷ የኢንካዎች መዲና ኩስኮ ሲደርስ የኢንካዎቹን ግንብ በእጁ ይዳስሳል። ከድንጋዩ በላይ በኖራ የተለሰነ የስፓኛውያን ፎቅ ተቀምጧል። ድንጋዩን የሚጠራው ግን በኬችዋ ነው፤ «የደም ድንጋይ» ይለዋል። እዚህ ቆም በሉ።

ስለ እሽክርክሪቷ መጫወቻ፣ ስለ «ሱምባይዩ»፣ የሚያወራውን ምዕራፍ በመጀመሪያ ንባቤ ሰነፍ ሆኜ ዘልዬው ነበር። ምዕራፉ የሚከፈተው በአንድ የቃል መድረሻ ነው፤ «ይዩ» የትንንሽ ክንፎች ዜማ ነው ይላል። ዘፈኖቹ በሁለቱም ቋንቋዎች ታትመዋል። ባይገባችሁም የኬችዋውን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ እኔ ሌሊት ሳነበው ጎረቤት ግድግዳ አንኳኩቶብኛል።