ማርኪንግ ጌጅ ከመግዛታችሁ በፊት ነቅንቁት

ደሴ ውስጥ መሣሪያ መሸጫ ገብታችሁ ማርኪንግ ጌጅ (እንጨት ላይ መስመር መጫሪያ የአናጢ መሣሪያ) ብትጠይቁ፣ ሻጩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ዘንጉ ላይ የታተመውን ሚሊሜትር ነው። እሱን እርሱት። ሹሉ ትንሽ ሲሞረድ ወይም ሲጣመም ቁጥሩ ይዋሻል። እኔ የምገጥመውን እንጨት ራሱን አስጠግቼ ነው የምለካው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ጭንቅላት፣ ማሰሪያ ቪቴ፣ ጫፉ ላይ ሹል ሚስማር። ጭንቅላቱን ከእንጨቱ ጠርዝ አስደግፋችሁ ስትገፉት ከጠርዙ እኩል የራቀ መስመር ይጭራል።

መጀመሪያ ቪቴውን አጥብቁና ጭንቅላቱን ወደ ጎንም ወደ ላይም ነቅንቁት። ታስሮም ከተወዛወዘ መልሱለት። ቀጥሎ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አስጠግታችሁ ወደ ብርሃን እዩ፤ ጭንቅላቱ ለዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ይህን የተማርኩት በሰው ጠረጴዛ ነው። አራት የዋንዛ እግሮች ላይ የማገናኛውን ቀዳዳ ሳሰምር፣ ሦስቱን ጨርሼ ለሌላ መስመር ጌጁን ፈታሁትና መልሼ አሰርኩት። አራተኛው እግር 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ተበሳ። ዋና አናጢያችን እግሩን አገላብጦ አየና «እንጨቱን አትውቀስ፣ የሰከረው ጌጅህ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ዘንጉን ሳየው ቪቴው ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። ትንሽ ራቅ አድርጌ ሳስረው የቪቴው ጫፍ እየተንሸራተተ እዚያው ጉድጓድ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የለካሁት ከማሰሬ በፊት ነው፣ ካሰርኩ በኋላ አላየሁትም።

ስለዚህ ቁራጭ እንጨት ይዛችሁ ሂዱ (ሻጩ ይገርመዋል፣ ይገረም)። ቪቴውን ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩና አንድ መስመር ጫሩ። ከዚያ እስከ መጨረሻ አጥብቁትና እዚያው መስመር ላይ ድገሙት። ሁለት መስመር ከታየ፣ ሲጠብቅ ይንሸራተታል ማለት ነው። ቪቴው እንጨቱን በቀጥታ የሚወጋ ከሆነም ያው የኔ ጉድጓድ ይጠብቃችኋል። ከሥሩ የነሐስ ቁራጭ ያለው ይሻላል፤ ከሌለው ወፍራም ቆዳ ቆርጣችሁ አስገቡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በሽብልቅ የሚታሰረው ይበልጣል። ሰፋ አድርጎ ስለሚጫን ዘንጉን አይበላም፣ ርካሽም ነው፣ ከወይራ ቁራጭ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አየሩንም አትርሱ። ኮምቦልቻ በሙቀቱ ልክክ ብሎ የሚሄድ ዘንግ፣ ደሴ በሐምሌ ጉም አብጦ እምቢ ይላል። እኔ ቸኩዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ጥር ላይ እንደ ልቅ ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። ሻማ ቀቡትና ታገሱ።

ስለ ሹሉ፦ ሚስማሩ በእንጨቱ ርዝመት ሲሄድ ደህና ነው፤ በአግድም ሲሆን ግን ይቦጭቃል፣ ጥድ ላይማ አይጣል ነው። ለአግድም ምላጭ ያለው ያስፈልጋል። ክብ ምላጭ ያለውን ከመረጣችሁ፣ የተሳለው ጎን ወደ ጭንቅላቱ የዞረ መሆኑን እዩ፤ ያኔ እየቆረጠ ጭንቅላቱን ወደ እንጨቱ ይስበዋል። ጭንቅላቱም ክብ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ የኔው ከጠረጴዛ ተንከባሎ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና ምላጩ ተሸረፈ።

የገዛችሁት ሚስማር ዱልዱም ከሆነ አብሽሩ፣ በሞረድ 5 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ጎኖች ሞርዳችሁ እንደ ቢላ ጫፍ አሳሱት። ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ አታውጡት። ስትገፉ ዘንጉን ወደ ፊት ዘንበል አድርጉት፣ ሹሉ ከኋላ እየተጎተተ ይምጣ። የመጀመሪያውን ዙር ነካ ነካ ብቻ፣ ሁለተኛው ላይ ጫን።