በእጅ ለሚሠራ የቴምብር አልበም ፎልደር ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዝግጁ የኢትዮጵያ ቴምብር አልበም ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ገጹን ራሱ ይሠራል። ወፍራም ወረቀት ይገዛል፣ በኮምፒውተር ወይም በማስመሪያ ሳጥን ሳጥን ያሰምራል፣ ቴምብሩን ይደረድራል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ገጾቹን የሚይዘው ፎልደር ላይ ነው። ብዙ ሰው ፎልደሩን የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት መመረጥ ያለበት እሱ ነው እላለሁ።

ገጹን ጨርሶ ፎልደር ፍለጋ መውጣት

የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች እንውሰድ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ የታተሙት ሰባት ናቸው። አራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ሰብሳቢው አራቱን ከላይ፣ ሦስቱን ከታች አድርጎ ኤ4 ወረቀት መሃል ላይ ይደረድራል። ከግራም ከቀኝም እኩል ቦታ ይተዋል። ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያምራል።

ከዚያ ገጹ በፐንቸር ይበሳል። ተራው ፐንቸር የሚበሳው ቀዳዳ መሃሉ ከወረቀቱ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የቀለበቱ ቦታና የገጹ እጥፋት ሲጨመሩበት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን የግራ ጠርዝ ለዓይን ይጠፋል። ድርድሩ ወደ ግራ የተገፋ ይመስላል። ይባስ ብሎ የግራው ቴምብር ገጹ በተገለጠ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎልደሩን ግዙ። አንድ ባዶ ወረቀት በስታችሁ አስገቡበትና ግለጡት። ለዓይን የሚታየው ክፍል ከየት እንደሚጀምር በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የገጹን መሃል የምትለኩት ከዚያ ምልክት ተነስታችሁ ነው።

ቦክስ ፋይል ሁሉን ይችላል ብሎ ማሰብ

ደሴ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ ፎልደር ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣላችሁ ቦክስ ፋይል ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ጠንካራ ነው። ሁለቱ ብረቶች በ80 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ ከተራው ፐንቸር ጋር ይገጥማል። የተሠራው ግን ለደረሰኝና ለደብዳቤ ነው። ደብዳቤ አንዴ ከገባ የሚፈልገው የለም። የቴምብር ገጽ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይገለጣል።

ብረቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ከታች ቀጥ ያለ ነው፣ ከላይ ይጎብጣል። ገጹ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲሻገር ጉብጠቱ ላይ ይንጠለጠልና ቀዳዳው ይሳባል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ማለትም 80 ግራሙ፣ ይህን ብዙ አይችልም፤ ይቀደዳል። ጀርባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ሃያ ገጽ ብቻ ከቶ መደርደሪያ ላይ የሚያቆመው ሰው አለ። ገጾቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ የታችኛው ጠርዛቸውም ይጎብጣል።

ከቦክስ ፋይል ሌላ ካጣችሁ ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ ወረቀት ተጠቀሙ። የቀረውን ቦታ በባዶ ወረቀት ሙሉት። የሽፋኑ ካርቶን ቴምብር ያለበትን ገጽ እንዳይነካም ከፊትና ከኋላ ጥሩ ባዶ ወረቀት አስገቡ።

የሚሻለው ግን ቀለበታም ፎልደር ነው። እዚህም ላይ ስህተት አለ። ቀለበቱ ሙሉ ክብ ከሆነና የተመታው የፎልደሩ ጀርባ ላይ ከሆነ፣ ሲዘጋ ገጾቹ ክቡን ተከትለው ይጎብጣሉ። አንድ ጎኑ ቀጥ ያለና ከኋላው ሽፋን ላይ የተመታውን ፈልጉ። እሱ ላይ ገጾቹ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ጠፍጣፋ ይተኛሉ። ባለ አራት ቀለበቱ ከባለ ሁለቱ ይመረጣል፤ የገጹ ክብደት ለአራት ቀዳዳ ይከፋፈላል።

ሳትከፍሉ በፊት ቀለበቶቹን ዝጉና ወደ ብርሃን አንሱ። መጋጠሚያው ላይ ብርሃን ካለፈ ተዉት። በተገለጠ ቁጥር ገጹ በዚያች ክፍተት ይያዛል። እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ወረቀት አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ አመላልሱ። ባለሱቁ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው ማለት

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። የፎቶ ኮፒ ጽሑፍ ከፕላስቲክ ኪስ ሲወጣ ፊደሉ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ሲቀር አይታችሁ ይሆናል። ያ ኪስ ፒቪሲ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው። ፒቪሲን ለስላሳ ለማድረግ የሚጨመርበት ኬሚካል ቀስ በቀስ ይወጣል። ፊደሉን እንደወሰደ የቴምብሩንም ቀለም ይወስዳል። ሙቀት ሲያገኝ ይብሳል። ኮምቦልቻ ለምትኖሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፎልደሩ ሽፋን ራሱም ብዙ ጊዜ በፒቪሲ የተለበጠ ነው፤ ገጽ በቀጥታ አያስነኩት።

አብሽሩ፣ መለያ ዘዴ አለው። ፒቪሲ ገና ሲከፈት ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ አለው፣ ሲነካም ጣት ላይ ያዝ ያደርጋል። ሌላው ሙከራ በውኃ ነው። ከኪሱ ጫፍ ትንሽ ቆርጣችሁ ጠብታ ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ በጣት አስምጡትና ልቀቁት። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ተመልሶ ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ እዚያው ታች ይቀራል። ፖሊስተር የሚባለው ሌላ ፕላስቲክም ይሰምጣል፤ እሱ ግን ደህና ነው፣ ጠጣርና ሽታ የሌለው ነው። የምትፈልጉት ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ነው።

ኪስ ከተጠቀማችሁ ደግሞ የፎልደሩን ስፋት እንደገና ለኩ። ኪሱ ከኤ4 ወረቀት ስለሚሰፋ በጠባብ ሽፋን ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጠርዙም ይጎዳል። ገጹን ላሚኔሽን ማስደረግን ግን ጨርሶ አታስቡት። ቴምብሩ ከዚያ በኋላ አይወጣም።

ከአሜሪካ የመጣውን ፎልደር መጠቀም

ዘመድ የሚያመጣው ባለ ሦስት ቀለበት ፎልደር ጥራቱ ያጓጓል። የተሠራው ግን ሌተር ለሚባለው የአሜሪካ የወረቀት መጠን ነው። ኤ4 በ18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ቀዳዳዎቹም በ108 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ የእኛ ፐንቸር አይገጥማቸውም። ወረቀቱንም ፐንቸሩንም አብሮ ካላመጣላችሁ ለሌላ ሥራ ይዋል።

እስኪፈነዳ መሙላት፣ ከዚያም ማጋደም

ቴምብር የተቀመጠበት ገጽ ከባዶው ይወፍራል። አሥር የተጠናቀቁ ገጾችን ደርባችሁ ለኩ፤ ፎልደሩ ስንት እንደሚይዝ ከዚያ ታውቃላችሁ። ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ አቁሙ። ፎልደርን በፎልደር ላይ መከመርም ቴምብሩን ገጹ ላይ ይጫነዋል። ቆሞ ይቀመጥ፣ ግራና ቀኙ ይደገፍ።

ደሴ ላይ ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ልብስ እንኳ አያደርቅም። ጀርባው ላይ ሙጫው ያለ ቴምብር እርጥበት ካገኘ ገጹ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ መደርደሪያው የውጭውን ግድግዳ አይንካ፣ ፎልደሩም ወለል ላይ አይቀመጥ። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግም አርቁት፤ ጢሱ ገጹን ከጠርዙ ጀምሮ ያጠይመዋል።

የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፣ ቆዳ ይለብሳል፣ ከዚያ ደግሞ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ሐይቅ እስጢፋኖስን የመሰሉ ገዳማት መጻሕፍታቸውን የጠበቁት እንዲህ ነው። ለፎልደራችሁም ከወፍራም ካርቶን በልኩ ማኅደር ሥሩለት። አቧራውንም ብርሃኑንም ይከላከላል፣ ፎልደሩም አፉን ከፍቶ አይቆምም።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልደረሰ መጀመሪያ አሲድ የሌለው ወረቀትና ደህና ኪስ ግዙ። ቀጥ ያለ ጎን ያለውን ፎልደር ስታገኙ ግን ሁለት ውሰዱ፤ ሱቁ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ዓይነት ላያመጣ ይችላል።