ዳክሰንድ ከገመድ ይፈታል? ደሴ ላይ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት

ዳክሰንድ የሚባለውን እግረ አጭር፣ ጀርባ ረጅም ውሻ ከገመድ መፍታት ይቻላል ወይ ለሚለው ባጭሩ ልመልስ። ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ ከሥር የተደፈነ ከሆነ፣ ይፈታል። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ወይም አስፋልት ዳር ግን አይፈታም። የኔ ውሻ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ስጠራው ከአስር ጊዜ ዘጠኙን ይመጣል። አስረኛዋ ግን ባጃጅ ሲመጣ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ የተለቀቀ እየመሰለው በእጃችሁ የሚቆይበትን መላ ነው። ድንገት ካመለጠም የሚመለስበትን።

ውሻው ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት፤ አዲስ አበባ አሳድጋው ውጭ አገር ስትሄድ ለኔ ተረፈ። ደሴ የገባን ዕለት ሸዋ በር ላይ ልጆች ከበቡንና «ጋሼ፣ ይሄ ውሻ እግሩን የት ጥሎት ነው?» አሉኝ።

1. ምን ዓይነት ውሻ እንደያዛችሁ እወቁ

ዳክሰንድ የጀርመን ዘር ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል፦ «ዳክስ» ማለት ባጀር የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ነው፤ «ሁንድ» ደግሞ ውሻ። እግሩ ያጠረው፣ ደረቱ የሰፋው፣ ድምፁ ከቁመቱ በላይ የሆነው ጉድጓድ ገብቶ አውሬውን እንዲጋፈጥና ከላይ ላለው አዳኝ እንዲሰማ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጌታው አብሮት የለም። ልግፋ ወይስ ልመለስ የሚለውን የሚወስነው ራሱ ነው። እና ስትጠሩት ጀርባውን ቢሰጣችሁ ንቀት አይምሰላችሁ። ለዚሁ ተብሎ የተራባ ነው።

የአውሮፓው ባጀር እኛ ጋ የለም። ግን ፍልፈል አለ፣ ጃርት አለ፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘል ሽኮኮ አለ። ለሻምበል አፍንጫ ወሎ ድግስ ናት።

ሌላው ጀርባው ነው። ረጅም ስለሆነ የአከርካሪው ዲስክ በቀላሉ ይጎዳል፤ ሽባ እስከመሆን የሚደርስ አለ። ከባጃጅ ራሱ አይዝለል፣ አውርዱት። ስታነሱትም አንድ እጅ ከደረቱ፣ አንድ እጅ ከኋላው ሥር ይሁን።

2. ማሰሪያው

አንገቱን አትሰሩት። ጭንቅላቱ ቀጭን ስለሆነ ወደኋላ ሲያፈገፍግ ሾልኮ ይወጣል፤ ካልወጣም ጉተታው አንገቱ ላይ ያርፋል። የሚፈለገው ደረቱን የሚያቅፍ ማሰሪያ ነው። ለዚህ ቁመና የሚሆን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደሴ ውስጥ አላገኘሁም። ጫማ ሰፊ ጋ ሄጄ ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ አሰፋሁ። ጫማ ሰፊው ሦስት ጊዜ ለካው፤ «ይሄ እኮ ወንበር ነው» እያለ። ሥራው ግን እስከ ዛሬ አልተተረተረም። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። በማይለቅ ቀለም ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት።

ቁልፍ ሲጫኑት እየተሳበ የሚረዝም፣ ተመልሶ የሚጠቀለል ገመድ አለ። ከውጭ የመጣለት ሰው ሲኮራበት አያለሁ። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም። ክሩ ቀጭን ነው፤ እጅ ይቆርጣል። መያዣው ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ ከኋላው እየተንኳኳ ይከተለዋል፤ ውሻው ደንግጦ ጭራሽ ይበረግጋል።

ክትባት ሳልጠቅስ አላልፍም። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ያልተከተበ ውሻ ከበር አይውጣ። ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ማጠናከሪያው መቼ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙ ካርዱ ላይ ይጽፍላችኋል። እናንተን ሌላ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

3. መጥሪያ ቃል

«ና» አትበሉ። ደሴ ውስጥ ና የማይባል ማን አለ? ረዳቱ ተሳፋሪውን ና ይላል፣ እናት ልጇን፣ ባለሱቁ ደንበኛውን። ቃሉ አየር ላይ ተበትኖ ነው የሚውለው።

ስሙም አይሆንም። ሻምበል ውረድ፣ ሻምበል ተው፣ ሻምበል ጫማዬን መልስ ሲባል የዋለ ስም ጆሮው ውስጥ ዋጋ የለውም። ሰፈራችን ደግሞ ጡረታ የወጡ እውነተኛ ሻምበል አሉ። አንድ ጠዋት ከበረንዳ «ሻምበል! አፍህን ዝጋ!» ብዬ ስጮህ ቀና ብለው አዩኝ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሳቁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልሳቁም።

ፊሽካ ሞከርኩ። ለሁለት ሳምንት ቆንጆ ነበር። ከዚያ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ሻምበልም ገመዱን ከእጄ አስጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ተገኘ።

በመጨረሻ የያዝኩት ቃል «ጥብስ!» ነው። መንገድ ላይ ማንም ሳይታሰብ አይጮኸውም። በሁዳዴ ጾምና በረመዳን ትንሽ ያሳፍራል፤ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ ምነው በጾሙ?» ብለውኛል። እናንተ ሌላ ቃል ፈልጉ፤ አጭር ይሁን፣ ቤት ውስጥ ለሌላ ነገር አይዋል።

ማባበያው የተቀቀለ ጉበት ነው፣ የጣት ጥፍር ያህል ተቆርጦ። ጉበት ከተወደደ ሳንባም ይሆናል። ጨውና በርበሬ አይንካው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ አይሞከርም። ብስኩት ይበቃል የሚሏችሁን አትስሙ። ብስኩት ከሽኮኮ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም።

ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ብቻ፦ ቃሉን አንዴ በሉ፣ ሲመጣ ስጡት። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ በረንዳ። ለገላ መታጠብ፣ ለመድኃኒትና ለማሰር በዚህ ቃል አትጥሩት። ለእነዚህ ሄዳችሁ አምጡት።

4. አስር ሜትሩ ገመድ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው።

አስር ሜትር ያህል ገመድ ግዙ። ቀጭን ናይሎን አይሁን፤ በእጃችሁ ውስጥ ሲሮጥ መዳፍ ይልጣል። የኔ ጠፍጣፋ የጭነት ማሰሪያ ነው፣ ጭነት ተራ የገዛሁት። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ወይም ቀለበት አታድርጉ፤ ቁጥቋጦና ድንጋይ ላይ ይያዛል። ከደረት ማሰሪያው ጋር አገናኙና መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተለው። እናንተ ጫፉን በእጅ ሳይሆን በዓይን ያዙ፤ ሲያስፈልግ በጫማችሁ ርገጡት። የረገጣችሁት ግን ውሻው ፍጥነት ሳያነሳ ይሁን። በሙሉ ሩጫ ላይ ገትሮ ማስቆም ያንን ጀርባ መስበር ነው።

ገመዱ ሲወጠር ዝም ብላችሁ ቁሙ። አትሳቡ፣ አትናገሩ። የስልክ እንጨት ሁኑ። ትንሽ ይጎትታል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ያያችኋል። ያቺ ዞር ያለባት ቅጽበት ናት የምትፈለገው። «ጥብስ!» በሉ፣ አንድ ጊዜ። ሲደርስ ጉበቱን ስጡና ወዲያው «ሂድ» ብላችሁ ልቀቁት።

«ሂድ» የምትለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔም ዘልያት ነበር። በጠራሁት ቁጥር አጠር ባለ ገመድ አስሬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። እሱም ሂሳቡን ሠራ፦ ጥሪ ማለት ሽርሽር አለቀ ማለት ነው። በአንድ ሽርሽር አስር ጊዜ ጥሩት፣ ዘጠኙን መልሳችሁ ልቀቁት። ደግሞ አትደጋግሙ። ጥብስ፣ ጥብስ፣ ጥብስ እያላችሁ አምስተኛው ላይ ከመጣ፣ የተማረው አምስተኛውን መጠበቅ ነው።

አሁን ውድቀቴ። ያኔ መጥሪያዬ ገና «ና» ነበር። ሦስት ወር በገመድ ሠራሁና ለመደ አልኩ። አንድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገደማ ጦሳ ሥር ወጣን። ጭጋግ ነበር፣ ሰው የለም፣ ሻምበል ከእግሬ ሥር አይርቅም። ጎንበስ አልኩና ፈታሁት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ከቋጥኙ በላይ አንድ ሽኮኮ ጮኸ። የሻምበልን ጅራት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሁለት ድንጋይ መካከል ሲገባ ነው።

ጮህኩ። ስንጥቁ አፍ ላይ ተደፍቼ እየተጣራሁ ድምፄ ተዘጋ። ከውስጥ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ። በግ የሚጠብቅ ልጅ፣ አስር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትንሽ ቆሞ አየኝና «ጋሼ፣ አይጩሁ» አለኝ። «ሲጮሁ እያገዙኝ ነው ብሎ ይበረታል።» ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ፣ ተነሳ፣ አምስት እርምጃ ሄዶ እንደገና ለጠፈ። «እዚህ ጋ ነው። ደህና ነው። ጃኬትዎን ያኑሩለትና ዝም ብለው ይቀመጡ።» ተቀመጥኩ። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። በጉን ሰብስቦ ሊወርድ ሲል «ጅብ ሳይወርድ ይወጣል» ብሎ አጽናናኝ። ይሄ ማጽናኛ ከሆነ።

አስራ ሁለት ሊሆን ሲል ወጣ። ጆሮው ተጭሯል፣ አፍንጫው ጭቃ ነው፣ ጅራቱ ይወዛወዛል። ጃኬቱ ላይ ሄዶ ተኛ። እኔ ምን አደረግሁ? መታሁት። አራት ሰዓት የተጠራቀመ ፍርሃት በመዳፌ ወጣ። እሱ የገባው መጥፋቱ ሳይሆን መመለሱ እንደሚያስመታ ነው። ከዚያ በኋላ ና ስለው ሦስት ሜትር ላይ ቆሞ እጄን ያያል። የሦስት ወር ሥራ ጠፋ። ሌላ ቃል ፍለጋ ፊሽካ የገባሁት፣ ጥብስ የደረስኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ቅዳሜ ካለፈ ወዲህ ገመዱ ከሻምበል ጀርባ ተለይቶ አያውቅም።

5. ቦታና ሰዓት

ከሁሉ የሚሻለው ዙሪያው የታጠረ ግቢ ነው። አጥሩን ከላይ አትዩ፣ ከሥር እዩ። ዳክሰንድ አይዘልም፣ ይቆፍራል። እኛ ግቢ የቆርቆሮውን ሥር በድንጋይ ደፍነናል፤ አሁንም በሳምንት አንዴ ዞሬ አያለሁ።

ደሴ ውስጥ ማለዳ ከአንድ ሰዓት በፊት ጥሩ ነው፤ ባጃጁም ገና አልበዛም። ሰኞ ግን ገበያ ነው፤ አህያውና በጉ መንገዱን ስለሚሞላው እኛ ከቤት አንወጣም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከኛ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላላችሁ፣ ሙቀታችሁም ሌላ ነው። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉ፤ አምስት ሰከንድ ካላስቆያችሁ መዳፉን ያቃጥለዋል። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ መስመር የሚገቡትን ከባድ መኪኖችም አስቡ። ሾፌሩ ከዚያ ከፍታ ሃያ ሳንቲ ሜትር ውሻ አያይም።

ባለቤት የሌለው ውሻ በበዛበት ከተማ መርዝ የተቀባ ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። አፍንጫው ከመሬት የማይነሳ ውሻ ከሁሉ ቀድሞ ያገኘዋል። ይሄ ብቻውን ገመድ ለመያዝ ይበቃል።

ለሶላት የሚሄድን ሰው የውሻ ምራቅ ከነካው፣ ልብሱም ይሁን ገላው፣ የተነካውን ቦታ ማጠብ ይኖርበታል። አዛን ሲል ገመዱን ሰብስቡና መንገድ ልቀቁ። ጎረቤታችን ሐጂ መጀመሪያ ላይ ይሸሹን ነበር። አሁን ከማዶ ሆነው «ሻምበል ደህና አደረ?» ይሉኛል። እኔም ደህና ነው እላለሁ፤ የትኛውን ሻምበል እንደሆነ ሳላጣራ።

6. ጉድጓድ ከገባ

አይቀርም፣ አንድ ቀን ይገባል። ገመዱ አብሮት ከገባ አትጎትቱ፤ ሥር ላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ የሚታይና የላላ ከሆነ ብቻ ቀስ ብላችሁ ሰብስቡ። አትጩሁ። ዶማ አታምጡ፤ አፈሩ ይናድበታል። ጆሮ ለጥፋችሁ የት እንዳለ ስሙ። ድምፁ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ እየደከመ ከሄደ ግን ተይዟል ማለት ነው፤ ያኔ መሬቱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ጥሩና ከጎን በጥንቃቄ ይቆፈር። ካልሆነ የለበሳችሁትን አንድ ነገር መውጫው ላይ አኑሩ፣ ዞር ብላችሁ ተቀመጡ፣ ውሃ ይኑራችሁ።

ሲወጣ ምንም አትናገሩ። ጉበቱን ስጡት።