የባሕር ዛፍ ፐልፕን በኒር መሣሪያ እንዴት እንመርምር?

ጎንደር ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። አብዛኛው ለአጣናና ለማገዶ ይሄዳል። ለወረቀት ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ ለኬሚስትሪ ተማሪ ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው። የጥያቄው እምብርት ደግሞ ሊግኒን ነው፤ የእንጨቱን ቃጫ እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘው ነገር። እንጨቱ ሲቀቀል አብዛኛው ይወጣል፣ ጥቂቱ ፐልፑ ውስጥ (ወረቀት የሚሠራበት የተቀቀለው ቃጫ ውስጥ) ይቀራል። ስንት እንደቀረ ካላወቃችሁ፣ ለማንጣት ስንት ኬሚካል እንደሚያስፈልግ አታውቁም።

በተለመደው መንገድ መለካት ጊዜና ኬሚካል ይፈጃል። የኒር (የቅርብ ኢንፍራሬድ) መሣሪያ ግን ብርሃን አብርቶ፣ የሚመለሰውን ለክቶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ናሙናውንም አያበላሽም። ችግሩ፣ መሣሪያው ስለ ሊግኒን ምንም አያውቅም። የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስተማሪያ ፐልፕ አዘጋጁ። ሁሉንም እኩል አታብስሉ። አንዱ ጥሬ ይበል፣ አንዱ በደንብ ይብሰል፣ መሃሉም ይኑር። እንጨቱንም ከአንድ ማሳ ብቻ አትሰብስቡ፤ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወጣቱም ከሸመገለውም ዛፍ ይምጣ። ሃምሳና ከዚያ በላይ ናሙና ቢኖር ይመረጣል። ከዚያ እጠቡ፣ ደግማችሁ እጠቡ። ጥቁሩ የቅቅል ውሃ ከቀረ፣ በውስጡ የሟሟው ሊግኒን አብሮ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የካፓ ቁጥር ሥሩ። 1 ግራም ደረቅ ፐልፕ ስንት ሚሊሊትር 0.02 ሞላር ፖታሲየም ፐርማንጋኔት እንደሚፈጅ የሚነግር ቁጥር ነው። በ0.15 ገደማ ሲባዛ የሊግኒኑን መቶኛ በግምት ይሰጣል፤ ካፓ 20 ማለት ወደ 3 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ። እዚህ ላይ መስነፍ አያዋጣም። ቁጥሩ ከተዛባ መሣሪያው ስህተታችሁን በታማኝነት ይደግመዋል።

አሁን ትልቁ ጠላት፣ እርጥበት። ውሃ 1450 እና 1940 ናኖሜትር ላይ ብርሃኑን አጥብቆ ይውጣል። ፐልፕ ደግሞ ከአየር ውሃ ይስባል። የጎንደር ሐምሌና የጎንደር ጥር በጭራሽ አንድ አይደሉም። በክረምት ያስተማራችሁትን መሣሪያ በበጋ ብትጠይቁት፣ የአየሩን ለውጥ እንደ ሊግኒን ለውጥ ሊቆጥረው ይችላል። ናሙናዎቹን ለስለስ ባለ ሙቀት አድርቁና ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ዕቃ አቆዩ። ለእርጥበት ስሌት ሌላ ቁራሽ በ105 ዲግሪ ይድረቅ።

ለንባቡ ፐልፑን እኩል ውፍረት ባለው ወረቀት መልክ አውጡት። ስስ ከሆነ ብርሃኑ ያልፈዋል፤ ደራርቡት። የመሣሪያው መብራት ግማሽ ሰዓት ይሙቅ፣ ነጩን መለኪያ (ለማወዳደሪያ የሚነበበውን ነጭ ሰሌዳ) አንብቡ፣ ከዚያ ናሙናውን አራት አምስት ቦታ ላይ አንብባችሁ አማካይ ውሰዱ። ኤሌክትሪክ ሄዶ ከመጣ ከማሞቁ ጀምሩ፤ ነጩንም ድገሙ። የሊግኒን ምልክት 1670 ናኖሜትር አካባቢ፣ የሴሉሎስ ደግሞ 2100 አካባቢ ይታያል። ብዙዎቹ በእጅ የሚያዙ ርካሽ መሣሪያዎች 1700 ላይ ያበቃሉ። ለሊግኒን ይበቁ ይሆናል፤ ሴሉሎስን በዚያ ምልክቱ ለማየት ግን ሙሉውን እስከ 2500 የሚያነብ ፈልጉ።

ስሌቱ በነጻ ፕሮግራም፣ በፓይተን ወይም በአር ይሠራል። መጀመሪያ የቃጫው ሸካራነት የሚያመጣውን ልዩነት በዴሪቬቲቭ (የንባቡን ከፍታ ትቶ ከሞገድ ሞገድ ያለውን ለውጥ በሚያሰላው) አስወግዱ፤ ከዚያ ፒኤልኤስ በሚባለው፣ ብዙ የሞገድ ንባቦችን ባንዴ ከአንድ ቁጥር ጋር በሚያዛምደው የስታቲስቲክስ ዘዴ ንባቡን ከካፓ ጋር አገናኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈተናው ላይ ነው። ከአንድ ድስት የወጣን ፐልፕ ግማሹን ለማስተማሪያ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ካደረጋችሁ ውጤቱ ያምራል፣ ግን ራስን ማታለል ነው። ለፈተና የሚቀመጠው ድስቱ ሙሉ በሙሉ መሆን አለበት።

ነገ ሌላ ሰው ቀርከሃ ወይም የጥድ ፐልፕ ይዞ ቢመጣ፣ የባሕር ዛፉን ስሌት ዝም ብላችሁ አትጠቀሙበት። የጥድ ሊግኒን ራሱ አሠራሩ ይለያል። ከአዲሱ ፐልፕ ናሙና ወስዳችሁ፣ ካፓውን ሠርታችሁ፣ ማስተማሪያው ላይ ጨምሩ።