በዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ባድሚንተን ውድድር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታዳጊ ተጫዋች ውጭ አገር ሄዶ በመጀመሪያው ዙር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ "ልምድ አነሰው" ይባላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፦ የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር በትክክል አልተመለሰም፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ተነበበ፣ የተጫወተበትን ዓይነት ሻትል (የባድሚንተን ኳስ) ከዚያ በፊት መትቶት አያውቅም። ይህ ሁሉ የልጁ ሳይሆን የአዋቂዎቹ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ደጋ ከተማ ወደ ቆላ ወይም ወደ ባሕር ጠለል አካባቢ ቡድን ይዘው ለሚወጡ አሰልጣኞችና ልጆቻቸውን ለሚልኩ ወላጆች ዋና ዋናዎቹን ስህተቶች እንዘርዝር።

የልደት ዓመት ላይ ስምንት ደምሮ መጻፍ

ከ19 ዓመት በታች በሚባለው ምድብ የሚታየው በውድድሩ ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ የሚኖረው ዕድሜ ነው። በ2026 ለሚካሄድ ውድድር ልጁ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወይም ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት፤ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። ኅዳር 2000 የተወለደ ልጅ "2000 ሲደመር 8፣ 2008" ተብሎ ይመዘገባል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ ልጁ በፈረንጆች 2007 ነው የተወለደው፤ ምድቡ አልፎታል። ይህ ውድድሩ ቦታ ላይ ፓስፖርት ሲታይ ከተገኘ የአውሮፕላን ቲኬቱም የልጁ ድካምም ባክኖ ይቀራል። ቀኑን ከቀበሌ ልደት ሰርተፍኬት ራስዎ መልሰው፣ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩት።

ስምም እንዲሁ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሳለ የምዝገባ ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከገባ፣ ወይም ፀሐይና ኃይሉ የመሳሰሉት በላቲን ፊደል በየቦታው በተለያየ መንገድ ከተጻፉ፣ ሲስተሙ አንዱን ልጅ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይገልብጡ።

ምዝገባውን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት

በዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የቀን መቁጠሪያ ላይ ላሉ የታዳጊዎች ውድድሮች ተጫዋች ራሱን በግሉ አያስመዘግብም፤ ስሙን የሚያስገባው የአገሩ ፌዴሬሽን ነው። የመዝጊያ ሰዓቱ በማሌዥያ አቆጣጠር 23፡59 ተብሎ ከተጻፈ እኛ ዘንድ ገና ከምሽቱ 12፡59 ነው፤ "እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለን" ያለ ቡድን አምስት ሰዓት ይከስራል። ቪዛው ደግሞ ከምዝገባው ቀድሞ መታሰብ አለበት። የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነበር፤ በ2024 ግን ለኢትዮጵያውያን ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሁለቱም ወላጆች የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል፤ አንዱ ወላጅ ክፍለ ሀገር ወይም ዓረብ አገር ከሆነ ወረቀቱ ብቻውን ሳምንታት ይፈጃል።

መርሐ ግብሩ ላይ 9:00 የሚለውን ለልጁ "ጠዋት 3 ሰዓት" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉለት። ዘጠኝ ሰዓት መስሎት ሆቴል የተኛ ተጫዋች ስሙ ተጠርቶ ካልተገኘ ተጋጣሚው ሳይጫወት ያልፋል።

በደጋ ሻትል ተለማምዶ ቆላ መውረድ

ከሁሉም ብዙ ጨዋታ የሚያስከፍለው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትሉን የሚይዘው ነገር ያንሳል፤ ለቆላ የተሠራ ሻትል እዚህ ይበራል። ልጁ ኳሱ ከሜዳ እንዳይወጣበት ክንዱን ቆጠብ ማድረግ ይለምዳል። ያን ክንድ ይዞ የኔዘርላንድ ታዳጊዎች ውድድር ወደሚካሄድበት ሀርለም ሲወርድ፣ ወደ ኋላ መስመር የላከው ኳስ ሁሉ መሀል ሜዳ ይወድቅበታል፤ ተጋጣሚው ቆሞ ይመታዋል። ልጁም አሰልጣኙም ጉልበት ያነሰ ይመስላቸዋል።

የሻትል ቱቦ ላይ 75፣ 76፣ 77፣ 78 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻትሉ ይዘገያል። ለከፍታና ለሙቀት 75 ወይም ከተገኘ ከዚያ ያነሰ፣ ቀዝቃዛና ዝቅ ላለ ቦታ 77 ወይም 78 ይመረጣል። ስለዚህ ለልምምድ ሲገዙ "ያለውን ስጠኝ" አይበሉ። ልክነቱን መፈተን ቀላል ነው፦ አንድ ጠንካራ ተጫዋች ኋላ መስመር ላይ ቆሞ ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ይምታው። ትክክለኛ ሻትል ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ይወድቃል። የጥንድ ጨዋታ የኋላ ሰርቭ መስመር ከሜዳው የኋላ መስመር 76 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ እሷን መሀል አድርጎ ማየት ይበቃል።

በፕላስቲክ ሻትል ብቻ የተለማመደ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ባለ 16 ላባው ሻትል ሲመታ ወዲያው ዞሮ ቡሹን ያስቀድማል፤ መጨረሻው ላይም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የመረብ ላይ ንክኪው ፈጽሞ የተለየ ነው። ዋጋው ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ቢያንስ ግማሹ ልምምድ በላባ ይሁን። የደጋ ደረቅ አየር ላባን ስለሚያሰባብር፣ ማታ የቱቦውን ሁለት ጫፍ ከፍተው በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያሳልፉት፤ ቡሹ እንዳይረጥብ ይጠንቀቁ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው እስከ ጠዋት ያቆዩት።

ኳሱ እንዳይበር የላባውን ጫፍ ማጠፍ የልምምድ ልማድ ነው። ውድድር ላይ ሻትሉን ሆን ብሎ ማበላሸት ጥፋት ስለሆነ ካርድ ያሰጣል። ልጁ የሻትል ለውጥ ዳኛውን መጠየቅ ይልመድ፤ የሚወስነው ዳኛው ነው።

ከተቻለ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ልጁ ከኋላ መስመር ሃያ ኳስ ወደ ኋላ መስመር ይላክ፤ ስንቱ በ76 ሳንቲ ሜትሯ ውስጥ እንደወደቀ ይቁጠሩ። አሥራ አምስት እስኪሞላ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) አይለማመድ።

አንድ ራኬት ይዞ መሄድ

ሦስት ይሁኑ፤ ቢያንስ ሁለት፤ ክራቸውም በእኩል ውጥረት የተወጠረ። ክር ሲበጠስ ቀሪውን ወዲያው በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከመሀል ጀምሮ በመስቀል መልክ ወደ ዳር። ያልተቆረጠ ክር በአንድ በኩል ብቻ እየሳበ የራኬቱን ራስ ያጣምመዋል፤ ዳግመኛ ሲወጠርም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጫማው የጎማ ሶል ያለው የአዳራሽ ጫማ ይሁን። የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፍ ስለሚል ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል።

ሰርቭን ያለ ልኬት መለማመድ

ሻትሉ ሲመታ ሙሉ በሙሉ ከወለሉ 1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። ቀድሞ በወገብ ይለካ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ቁመት ሳይለይ ለሁሉም አንድ ነው። ረጅም ልጅ ስለዚህ የበለጠ ይቸገራል። ግድግዳ ላይ በ1.15 ሜትር ፕላስተር ይለጥፉ፤ በስልክ ካሜራም በዚያው ቁመት ከጎን ይቅረጹት። አገር ውስጥ ማንም ያላስቆመው ልጅ 19 እኩል ላይ ፎልት (ጥፋት) ሲባል ከዚያ በኋላ ያሉት ሰርቮች ሁሉ እጁን ያንቀጠቅጡታል።

ዕጣ ሲያሸንፍ ሳያስብ "ሰርቭ" ማለት

ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስ አለ። በማሟሟቂያው ጊዜ ከሁለት ሦስት ከፍ ያሉ ኳሶች ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋ ይታያል። ተጫዋቾች በየጌሙ ጎን ይቀያየራሉ፤ በሦስተኛው ጌም ደግሞ በ21 ነጥብ ሥርዓት መሪው 11 ሲደርስ እንደገና ይቀያየራሉ። ስለዚህ በከባዱ ጎን የጀመረ ተጫዋች የሦስተኛውን ጌም መጨረሻ በቀላሉ ጎን ይጫወታል። ለታዳጊ ይህ ከመጀመሪያው ሰርቭ ይበልጣል።

የነጥብ ሥርዓቱንም ከውድድሩ ደንብ ላይ ያረጋግጡ። በ2024 ናንቻንግ ላይ በተካሄደው የዓለም ታዳጊዎች የቡድን ሻምፒዮና በቅብብል (አንዱ ያቆመበትን ነጥብ የቡድን ጓደኛው እየቀጠለ) እስከ 110 ነጥብ ይቆጠር ነበር፤ በ2025 ጓዋሃቲ ላይ ደግሞ ወደ 45 ተቀይሯል።

በእረፍት ላይ ንግግር ማድረግ

11 ላይ ያለው እረፍት 60 ሰከንድ ነው፤ ዳኛው "ሃያ ሰከንድ" ብሎ ሲጠራ አሰልጣኙ ይወጣል። ስለዚህ ለአሰልጣኙ ያለው 40 ሰከንድ ነው፤ ልጁ ውሃ ሲጠጣና ላቡን ሲጠርግ 25 ይተርፋል። አንድ ነገር ይንገሩት፦ "ኳሱን ወደ ግራው ኋላ ላክ፣ ከዚያ መረብ ጋ ጠብቀው" ይበቃል። ስህተቶቹን መዘርዘር ለማታ ይቆይ። ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ ከወንበር ላይ መጮኽም ክልክል ነው።

ለጉንፋን ያገኙትን መድኃኒት መስጠት

ታዳጊም የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሊደረግለት ይችላል። አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ የተከለከለ ነው። በኪኒን የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎንም በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ጫት ውስጥ የሚገኘው ካታይንም የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ስላለ የቡድኑ ትልልቅ ልጆች ይህን ይወቁ። አስም ላለበት ልጅ በአፍ የሚነፋ ሳልቡታሞል በ24 ሰዓት እስከ 1,600 ማይክሮግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ግን ከ600 ሳይበልጥ ይፈቀዳል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የኔዘርላንድና የጀርመን ታዳጊዎች ውድድሮች ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ስለሚውሉ በአንዳንድ ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። የሚጾም ልጅ ካለ ቤተሰቡ ከጉዞው በፊት ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገር፤ በሶ፣ ቆሎና ቴምር ሻንጣው ውስጥ ይግባ፤ ሆቴሉም ቀድሞ ይነገረው። በቀን ሦስት ጨዋታ ያለው ልጅ ጠዋት ቡና ቤት ውስጥ ከወተትና ከእንቁላል ሌላ የሚበላ ፍለጋ መዞር የለበትም።